በቂብላው በኩል ያለሽ

እህቴ፣ ከአዳማ ተነሥቶ ቀኝና ግራ ሳይል ወደ ሰሜን ብቻ የሚጓዝ ሰው ጅዳ ይደርሳል። ካርታው እንዲህ ይላል። ሁለቱ ከተሞች 39ኛውን የኬንትሮስ መስመር አለፍ ብለው፣ አንዱ ካንዱ ትይዩ ተቀምጠዋል፤ ወደ ጎን ቢለካ የሚለያያቸው ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀረው ሁሉ ወደ ሰሜን ነው፤ 1,440 ኪሎ ሜትር ያህል። በጣቴ ተከተልኩት። መስመሩ ደብረ ብርሃንንና ደሴን በቀኝ፣ ላሊበላን በግራ ይተዋል፤ ከመቀሌ በስተምዕራብ ያልፋል፤ ከምጽዋ በስተሰሜን ባሕር ይገባል። ከዚያ ውኃ ብቻ ነው። ውኃው ሲያልቅ አንቺ አለሽ።

መካ ከጅዳ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ገባ ትላለች። ስለዚህ አዳማ ላይ ለሚሰግድ ሰው ቂብላው ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያጋድለው ለዓይን አይታይም። እማዬ ይህን ካርታ ሳታይ ታውቀው ነበር። ከሱብሒ እስከ ዒሻ፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ መስገጃዋን ዘርግታ ፊቷን ወዳለሽበት ትመልሳለች። ሰላቷ የጌታዋ ነው፤ ከእሱ ጋር ማንንም አትቀላቅልም። ሰላቷን ጨርሳ ለዱዓ እጇን ከዘረጋች በኋላ ግን ቶሎ አትነሣም። ግድግዳውን ታየዋለች። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ግቢ ነው፣ ከግቢው ወዲያ ባጃጅ የሚያልፍበት ኮብልስቶን፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ እሷ ስሙን የማታውቀው አገር ሁሉ። «እዚህ ጋ ናት አይደል?» ትለኛለች በእጇ እያሳየች። አዎ እላታለሁ። እዚያ ጋ ናት።

ሰዓታችንም አንድ ነው። አሜሪካ ልጅ ያላት ጎረቤታችን ስትደውልለት እዚያ ሌሊት ነው፤ እሱ ሲደውል እሷ ተኝታለች፤ በዚህ ይተዛዘናሉ። እኛ እንዲህ ያለ ሰበብ አልተሰጠንም። የእኛ ቀትር ያንቺም ቀትር ነው። በ2017ቱ ረመዳን ጾሙ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመጋቢት ጋር ገጥሞ ስለነበር፣ ፀሐይ አዳማና ጅዳ ላይ የጠለቀችው በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ነበር። አዛኑ በቤታችን መስኮት ሲገባ በስልኩም ይገባ ነበር። እኛ ቴምር ስናነሣ አንቺም አነሣሽ። እኛ ተቀምጠን፣ ሳምቡሳው በመሐላችን፣ ሾርባው እየተነነ፤ አንቺ ግን ቆመሽ፣ ለሰው ማዕድ እያቀረብሽ፣ ቴምሩን በአንድ ጉንጭሽ ይዘሽ። ፍሬውን አውጥተሽ ለመጣል እንኳ ፋታ አጥተሽ ስታወሪን እማዬ አየችሽ። ያን ማታ ሳምቡሳ አልበላችም።

አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ጅዳ እስኪያርፍ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢፈጅ ነው። አስቢው እስኪ። ከዚህ ሻሸመኔ በአውቶቡስ ከዚያ ይረዝማል። ወደ ሞጆ ተመልሰሽ፣ ቆቃን ይዘሽ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ አርሲ ነገሌ፤ በየከተማው ሰው እየወረደ ሰው እየተሳፈረ፣ መቂ ላይ ሐብሐብ፣ ባቱ ላይ ዓሣ በመስኮት እየቀረበልሽ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ነው። ሮቤማ ቀኑን ሙሉ ነው። በበረራው ሰዓት ከተቆጠረ ጅዳ ከሻሸመኔ ትቀርበናለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ቅርበት ነው። ያለሽበት አገር ሩቅ ቢሆን፣ ሰው «ሩቅ ናት» ብሎ ቁርጡን አውቆ ይቀመጥ ነበር። እማዬ ቡና ስትቆላ፣ ጭሱ ዓይኗን ያቃጠላት አስመስላ፣ ከንፈሯን ሳትከፍት የምታንጎራጉራት ነገር አለች፦

ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ቢሉኝ መንገድሽ፣
ዐሥር ዓመት ሆነኝ በር ላይ ስጠብቅሽ።

የሄድሽው በ2005 ነው፤ በድሮው መንገድ። ሚኒባሱ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ፣ ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በመስኮት እየገባ፣ ቢሾፍቱ ላይ ቆሞ ሰው እያወረደ። አባዬ ጋቢና ተቀምጦ አንድ ጊዜም ዞር አላለም። ከከተማ ስንወጣ በኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይኖቹን አየሻቸው። ያኔ 34 ብቻ ነበሩ፣ ከተመረቁም ብዙ አልቆዩም፤ «ስመለስ ይኖሩ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ኖሩ። በ2007 ደግሞ ሌላ 102 ተጨመረባቸው፤ አሁን ሸንተረሩ ሁሉ የእነሱ ነው። በዚያው ዓመት ፈጣን መንገዱ ተከፈተ። ስድስት መስመር፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከብት አያቋርጠው፣ ባጃጅ አይገባበት፤ ያን ሁሉ ግማሽ ቀን የሚበላ መንገድ ከአንድ ሰዓት በታች አደረገው። በ2010 የጅቡቲው አዲስ ባቡር ሥራ ጀመረ። ከተማችንን ከተማ ያደረጋት የድሮው ባቡር ግን ቀርቷል፤ አያታችን ፉጨቱን ሰምቶ ሰዓት የሚያውቅበት ጣቢያ ዝም ብሏል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው ሌላው ፈጣን መንገድም መቂንና ባቱን አቅርቧቸዋል። መንገዱ ሁሉ ያጠረው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። የተሠራው ሁሉ ላንቺ መመለሻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። በፈጣኑ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ያለአንቺ ማለፌ ይሰማኛል።

ያራቀሽ ባሕሩ ቢሆን ባሕርስ በአውሮፕላን ይታለፋል። ያራቀሽ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ነው። የቤት ሠራተኛ እዚያ አገር የምትገባው በአሠሪዋ ስም፣ የምትኖረውም በአሠሪዋ ስም ነው። ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የሚያወጣላት ከፊሏ የሚሉት አሠሪዋ፣ የሚያድስላት ከፊሏ፣ ልሂድ ስትል ኹሩጇን፣ የመውጫ ቪዛዋን፣ የሚያስመታላት ከፊሏ። ፓስፖርቷን መያዝ በአገሩ ሕግ ክልክል ቢሆንም መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍባት አይጠፋም። በመጋቢት 2013 የሳዑዲ መንግሥት ሕጉን አላልቶ፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ያለ አሠሪያቸው ፈቃድ ከአገር መውጣት እንዲችሉ ፈቀደ። ዜናውን እኔ ነኝ ለእማዬ ያነበብኩላት። እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ቀጥዬ የቤት ሠራተኞች በዚህ እንደማይካተቱ አነበብኩላት። እልልታውን ዋጠችው። ምድጃው ላይ የተጣደውን ወጥ ማማሰል ጀመረች፣ ወጡ ማማሰል ሳይፈልግ።

ማዳምሽ «ከረመዳን በኋላ» አለችሽ። ረመዳን አለፈ። «ከሐጅ በኋላ» አለችሽ። ሐጅ አለፈ። ከዚያ ልጇ ወለደች፤ ሕፃኑን ማን ይያዝ? ከዚያ አሮጊት እናቷ አልጋ ላይ ዋሉ። አንቺ ታጥቢያቸዋለሽ፣ ታገላብጫቸዋለሽ፣ ሌሊት ሲያቃስቱ ትነሺላቸዋለሽ፤ ጀርባቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ትነቂያለሽ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ስሜን አሳምረው ይጠሩኛል አልሽኝ። የእኛ እናት ደግሞ ጉልበቷ ዕለት ዕለት እየከበዳት ነው። ሩኩዕ ላይ ቀና ለማለት ግድግዳ ትይዛለች፤ አሁን አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። ያንቺ እጅ የሰው እናት ሲያነሣ የእናትሽን ጉልበት እኔ ብቻዬን አሻለሁ። እጅሽ ከእጄ ይሻላት ነበር፤ ሁልጊዜም ይሻላት ነበር። ትንሽ ልጅ ሆነሽም እግሯን ስታሺላት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ኅዳር 2006ን ታስታውሻለሽ። ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ታድን ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተጭነው መጡ። አንቺ ኢቃማ እንዳለሽ እናውቃለን። ነገር ግን ስልክሽ ጠፍቶ ነበርና እማዬን ማን ያስቀምጣት? ቦሌ ወሰድኳት። በር ላይ ቆመን የሚወጡትን አየን። በጎማ ጫማ የሚወጡ አሉ፤ ብርድ ልብስ የተከናነቡ አሉ፤ ያላቸው ሁሉ በአንድ ፌስታል የሆነ አሉ። እማዬ የእያንዳንዷን ፊት ታይ ነበር፤ በቁመት አንቺን የሚያክሉትን ሁሉ አንገታቸውን አቅፋ ፊታቸውን ወደ ብርሃን ትመልስ ነበር። አንዳቸውም አልተቆጧትም። ከመሸ በኋላ አንዲት የመቂ ልጅ አገኘች፤ የሚቀበላት ያልመጣላት። ይዘናት ወደ ቤት መጣን። እማዬ ውኃ አሙቃ አጠበቻት፣ ያንቺን ቀሚስ አለበሰቻት፣ አልጋሽ ላይ አስተኛቻት። ሲነጋ ለመሳፈሪያ ብር ሰጥተን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። በሳምንቱ ደወልሽ፤ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ አትጨነቁ አልሽ። እማዬ አላህን አመሰገነች። ማታ ላይ ግን በጨለማው ውስጥ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «የመቂዋ እናት ልጇን አገኘች።»

አባዬ።

አባዬ ያረፈው ከሱብሒ በፊት ነው። የሙስሊም ጀናዛ አያድርም፤ ቀብሩ ከዐስር ሰላት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እኔ ሒሳብ ይዤ ተቀመጥኩ። ከጅዳ ቦሌ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቦሌ ላይ ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት። ከቦሌ ቤት በፈጣኑ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል። ድምሩ አምስት። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ብትነሺ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጃችን ነሽ። ትደርሻለሽ! ጀናዛው ሳይወጣ፣ ፊቱ ሳይሸፈን፣ ግንባሩን ትስሚዋለሽ። ደግሜ ደመርኩት። ይደርሳል። አንዲት ማኅተም ብቻ ነው የጎደለችው።

አክስታችን ወሬው በሰማች ሰዓት ከሻሸመኔ ተነሥታ፣ እንባዋን በነጠላዋ እያበሰች፣ በሦስት መኪና ተቀባብላ ደረሰች። አጎታችን ከመቂ መጣ። የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረቦች፣ ሸንኮራ ሲቆርጡና ሲጭኑ አብረውት የኖሩት፣ ከወንጂ መጡ፤ ወደ መተሐራ ስኳር ፋብሪካ የተዛወሩት ከመተሐራ መጡ። ዘመዶቹ ከአሰላ ተራራ ወርደው፣ ከደጋው ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በአዳማ ሙቀት እያላባቸው ደረሱ። ስምጥ ሸለቆው በሙሉ መጣ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል በሰዓት ከሻሸመኔ ዘመድ እኩል የምትቀርቢው፣ ለልቡ ደግሞ ከሁሉም የምትቀርቢው አንቺ አልነበርሽም።

ወንድማችን በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ከፍቶ ስልኩን ይዞት ወደ መቃብር ሄደ። እኛ ሴቶቹ እንደ ወጉ ቤት ቀረን። እና እህቴ፣ አፈር ሲመለስበት ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ በአጠገቡ የኖርኩት አላየሁም፤ እማዬም አላየችም። በተንቀጠቀጠ እጅ በተያዘች ስልክ ያን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እስከ መጨረሻውም አላየሽ። ወንድማችን እንደነገረኝ ዱዓው ሳያልቅ፣ በዝግታ፣ «ማዳም እየጠራችኝ ነው» ብለሽ ዘጋሽው። ሻይ ነበር የፈለገችው። ይህን የነገርሽኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሻይ አቀረብሽ፤ ፊትሽን ታጥበሽ፣ ስኳሩን ለብቻ አድርገሽ፣ ከአዝሙድ ብስኩቱ ጋር።

በለቅሶው ድንኳን አንዲት ሴት ከእማዬ አጠገብ ተቀምጣ ምንም ሳትናገር ሦስቱን ቀን አሳለፈች። ታውቂያታለሽ፤ ልጇ ካንቺ ጋር አንድ ክፍል የተማረው ናት። እሱ የሄደው በእግሩ ነው። ደላላው አዳማ ላይ ተቀበለው፤ በአዋሽና በአፋር በረሃ አድርገው ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ እስከ ሞጆ ጥቂት ቢያልፍ። ያን ተሻግሮ የመን መድረሱን ደውሎ ነግሯታል። ከየመን ወደ ሳዑዲ ወሰን ሲሄድ ስልኩ ጠፋ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 የሳዑዲ ወሰን ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እንደገደሉ ዘግቧል። ወሬውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ለእሷ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ለእሱም ላንቺም አንድ ከተማ ነበር የታሰበላችሁ። እሱ ሁለት ሰዓት ተኩሉን ለመክፈል ብር አልነበረውም። እሷ ቤታችን ለቡና ስትመጣ እኛ ስላንቺ ጮክ ብለን አናለቅስም። አንቺ ድምፅ አለሽና።

ምድሩም እየተለያየ ነው። የምንኖርበት ሸለቆ መሬት ተሰንጥቆ የሰመጠበት ነው፤ ያው ስንጥቅ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ቀይ ባሕር ከተሰነጠቀበት ጋር ይገናኛል። ዓረቢያ ከአፍሪካ የተገነጠለችው በዚያ በኩል ነው፤ ዛሬም በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ደባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በቀናት ውስጥ ተቀድዶ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ስምንት ሜትር ተከፍቷል። በ2017 ደግሞ በፈንታሌ ዙሪያ ምድር ተናወጠ። መተሐራና አዋሽ ሲንቀጠቀጡ እኛም ተንቀጠቀጥን፤ ብርጭቆው ቁም ሣጥን ውስጥ ተንጫጫ፤ ሌሊት ልጆች አቅፈን ወጣን፤ በዚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ትቶ ወደ መጠለያ ሄደ። ያን ሰሞን አንቺ ነበርሽ የምትደውዪው። «ደህና ናችሁ? ቤቱ ደህና ነው?» ስትይ ድምፅሽ ተሰብሮ ነበር። ለስንት ዓመት እኛ ስላንቺ የፈራነውን ፍርሃት አንቺ ስለኛ ስትፈሪው ሰማሁት፤ እና ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እሱ አስለቀሰኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ዓረቢያ ከአፍሪካ የራቀችው ስንዝር አይሞላም። ለዚህች ስንዝር ምድር ያን ያህል ጮኸች።

ከአዳማ ወደ ሰሜን በሚሄደው በዚያው መስመር አቅራቢያ ያሉ ሌሎች ከተሞችም ይህን ያውቁታል። ከአዲስ አበባ አሥመራ ከአንድ ሰዓት ብዙ የማይበልጥ በረራ ነው፤ ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ያችን በረራ ሃያ ዓመት ማንም አልበረራትም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 አውሮፕላኑ አሥመራ ሲያርፍ አባትና ልጅ፣ እህትና ወንድም ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አየን፤ አባዬ ያኔ በሕይወት ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መቀሌም እንዲሁ። በጦርነቱ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ተቋርጦ የነበረው በረራ በታኅሣሥ 2015 ሲከፈት፣ ከአውሮፕላን የወረዱት ቤተሰባቸውን አንገት ለአንገት ተናንቀው አለቀሱ። የሁለቱንም ደስታ ከልቤ ተካፈልኩ። እነሱን ለማገናኘት መሪዎች ተጨባብጠዋል፣ ተፈራርመዋል፣ ዓለም ቆሞ አጨብጭቧል። ላንቺና ለእማዬ ማን ይፈራረም? ጦርነት የለብን። ወሰን አልተዘጋብን። አውሮፕላኑ በየቀኑ ይሄዳል፣ በየቀኑ ይመለሳል፤ አንቺ ልብስ ከምታሰጪበት ጣራ ላይ ሆነሽ ሲያርፍ እንደምታዪው ነግረሽኛል፤ ጅራቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እስክትለዪው ድረስ ዝቅ ብሎ ያልፋል።

እማዬ ከመስጊድ ደርስ የሰማችው አንድ ታሪክ አለ፤ ቀን ሲከፋት እሱን ታነሣለች። ድሮ ስደቱ ወደዚህ ነበር። በፈረንጆቹ 615 ገደማ ከመካ የሸሹት የነቢዩ ባልደረቦች ሹዐይባ ከተባለ ወደብ፣ አንቺ ካለሽበት ብዙም ካልራቀው ዳርቻ፣ በጀልባ ተሳፍረው ወደ ነጃሺ አገር መጡ። ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብና ሚስቱ አስማ ቢንት ዑመይስ ከዐሥር ዓመት በላይ እዚህ ኖሩ፤ ልጆች እዚህ ወለዱ። በፈረንጆቹ 628 መዲና ሲመለሱ ዑመር ለአስማ፣ በስደት እኛ እንቀድማችኋለን አላት። አስማ ተቆጣች። እናንተ በነቢዩ አጠገብ ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፤ እኛ በሩቅ አገር ነበርን አለችው። ነገሩን ለነቢዩ አደረሰች፤ እሳቸውም ለመርከቧ ሰዎች ሁለት ስደት ተቆጥሮላቸዋል ብለው ፈረዱላት። እማዬ የምትወደው ቁጣዋን ነው። «ሩቅ መሆን እንዲህ ቀላል መሰላቸው?» ትላለች አስማን ሆና። ያንቺም እንዲቆጠርልሽ ትፈልጋለች። በማጠብ የተላጠው መዳፍሽ፣ በሰው ቤት ያለፈው ዒድሽ፣ ያልሳምሽው የአባትሽ ግንባር፤ ሁሉም በአንዱ ሚዛን ላይ እንዲቀመጥልሽ።

በሐዋላ በላክሽው ብር ጣራው ተቀይሯል። ከኋላ ሁለት ክፍል ተሠርቷል፤ አንደኛው ያንቺ ነው፤ ተከራይ ብዙ ሰው ጠይቆን እማዬ እምቢ ብላለች። መስኮቱ በሰሜን በኩል ነው። ወንድማችን ያስመረቅሽው ነው፤ ታናሽ እህታችንም ዘንድሮ ትጨርሳለች። እሷ የዓረብ አገር ስም ስታነሣ ከሰማሁ አፏን አዘጋታለሁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ አሁን ሠልጥና የብቃት ምዘናውን ያለፈች ትሂድ ይላል፤ ጥሩ ነው፣ በአንቺ ዘመን ካየነው ይሻላል፤ ግን ምዘናው አልጋ ማንጠፍ ይፈትናል እንጂ የአባትን ቀብር በስልክ ማየት አይፈትንም። እሷን አልሰጥም። አንድ ሰው ከዚህ ቤት ሄዷል።

አሁን ማዳምሽ ዳግመኛ ቃል ገብታልሻለች፤ ኹሩጁን ላስመታልሽ ነው ብላለች። አላህ ልቧን ያራራው። ሲሳካ ሻንጣ አታብዢ፤ ለማንም ምንም አትግዢ፤ ሰው ስጦታ ይጠብቃል ብለሽ አንድ ወር ጨምረሽ እንዳትቀሪ። ቃሊቲ መናኸሪያ መሄድ የለብሽም፤ መኪና ይዤ በር ላይ እቆማለሁ። በፈጣኑ መንገድ ነው የምንመጣው፤ እንዳትደነግጪ፣ ሞጆን ቆዳ ፋብሪካው ሳይሸትሽ ታልፊያታለሽ። መጀመሪያ ወደ አባዬ እወስድሻለሁ፤ ቦታውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከዚያ ቤት። ቀኑ ሲቆረጥ ግን ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። እማዬ ከእንግዲህ ቦሌ ቆማ የሰው ልጅ ፊት ማየት አትችልም፤ አንቺን ይዤላት ልግባ።